አረንቻታ አንድ ነገር አይደለም፤ በኩሬና በረግረግ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዕፅዋትን ስለ መለየት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ጠረጴዛው ላይ የምታዩአቸው ሦስት ብርጭቆዎች የያዙት ውሃ ትናንት ከአንድ ኩሬ የተቀዳ ነው። ኩሬው ከዳር እስከ ዳር ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከኋላ ለተቀመጣችሁት ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ውሃውን ስቀዳ አጠገቤ ከብት ያጠጣ የነበረ ልጅ ምን እንደምወስድ ጠየቀኝ። «አረንቻታ» ብዬ ስመልስለት፣ «አረንቻታ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ሳቀብኝ። ቆሜ በወጉ ልመልስለት ሲገባኝ ጠርሙሶቼን ሰብስቤ ሄድሁ። ያን ጊዜ ያልመለስሁለትን ዛሬ እዚህ ለመመለስ እሞክራለሁ።

አረንቻታ ግሩም ቃል ነው። በረጋ ውሃ ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ሁሉ በአንድ ጆንያ ይከታል። ለዕለት ኑሮ ይህ ይበቃል፤ ውሃ የሚቀዳ ሰው በእጁ ገፋ አድርጎ እንስራውን ይሞላል እንጂ ስም አይጠይቅም። ጆንያውን ፈትተን ስናየው ግን አበባ የሚያብብ ተክል፣ አበባ የማያውቅ ፈርን፣ ዋቅላሚ፣ ጭራሹን ተክል ያልሆነ ባክቴሪያ አብረው ታጭቀው እናገኛለን። ከእነዚህ አንዱ ለከብት መኖ ይሆናል፤ አንዱ የእርሻ ማሳ ያዳብራል፤ አንዱ ሐይቅ ይዘጋል፤ አንዱ ከብት ይገድላል።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ከስሕተቴ ተነሥቼ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ ማስተማር በጀመርሁበት ወቅት፣ በአንድ የወይና ደጋ ቀበሌ ወደሚገኝ የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ኩሬ ተጠራሁ። ወሩ ጥር ነበር፤ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጠራራ ፀሐይ። የኩሬው ፊት ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። ከሰፈሩ ሰው አንዳንዱ ደም ነው ይላል፣ ሌላው እርግማን ነው ይላል። እኔ በኩሬው ክትር ላይ ቆሜ፣ ወደ ታች ሳልወርድ፣ ጫማዬንም ሳላረጥብ፣ «መርዛማ ዋቅላሚ ሊሆን ይችላል፤ ለጊዜው ከብት አታጠጡበት» አልሁ። «ሊሆን ይችላል» የሚለውን የሰማ አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው የተናገረው ነውና ትእዛዝ ሆነ።

የኩሬው ባለቤት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሳቸውና ልጆቻቸው ከብቶቻቸውን አንድ ሰዓት ወደሚያስኬድ ወንዝ እየነዱ አጠጡ፤ ለመሄድ አንድ ሰዓት፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት፣ በየቀኑ፣ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ። የልማት ሠራተኛው ቀድቶ የሰጠኝ ናሙና ደግሞ አልኮል ተጨምሮበት መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፈተና ማረም፣ ስብሰባ፣ ሌላም ሌላም እያልሁ ከሁለት ወር በላይ አቆየሁት። በመጨረሻ አውጥቼ በማጉያ ሳየው አልኮሉ ቀለሙን አጥፍቶታል፤ ቅርጹ ግን እንዳለ ነው። እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ጥቃቅን ቅጠሎች፣ ከሥራቸውም የተንጠለጠሉ ቀጫጭን ሥሮች። አዞላ ነበር፤ በውሃ ላይ የሚኖር ፈርን። አዞላ ብርድና ኃይለኛ ፀሐይ ሲፈራረቁበት፣ ፎስፎረስም ሲያጥረው ይቀላል። ከብት አይመርዝም።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። «አባቴ፣ አጥፍቻለሁ፤ ውሃው ደኅና ነበር» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ያን ዕለት ወርደህ ብትነካው ምን ነበረበት?» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ቡናም አፈሉልኝ፤ እርሱ ይበልጥ ከበደኝ።

የእኔ ስሕተት ዋጋው ድካም ነበር። የተገላቢጦሹ ስሕተት ከዚህ ይብሳል። ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሳያኖባክቴሪያ በውሃ ላይ ሲረባ ከሩቅ አረንጓዴ ተክል የተነጠፈ ይመስላል፤ በቆቃ ሐይቅ ላይ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ጉበት ያጠቃል፤ ውሃውን ማፍላትም አያጠፋውም። እንዲህ ያለውን ውሃ «የዳክዬ መኖ ነው፣ ችግር የለውም» ብሎ ማለፍ ከብትንም ሰውንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ስለዚህ ኩሬ ዳር ስንደርስ ከዝርያ ስም በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይህ ተክል ነው ወይ? ለዚህ መልስ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ረጅም እንጨት ነው። ገና ምንነቱን ስላላወቅን ባዶ እጃችንን አናስገባም። እንጨቱን አስገብተን ስናወጣው አረንጓዴው እንደ ቀለም ከለቀለቀው ሳያኖባክቴሪያን እንጠርጥር። እንደ እርጥብ ፀጉር ወይም እንደ ፈትል ከተንጠለጠለበት ክር መሰል ዋቅላሚ ነው። ተለይቶ የሚቆጠር ፍሬ ፍሬ ወይም ቅጠል ቅጠል ሆኖ ከተጣበቀበት ተክል አግኝተናል። የሚያጠራጥር ከሆነ በብርጭቆ ቀድቶ ሳይነካኩ ማሳደር ነው። ሳያኖባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ፈሰሰ ቀለም ይረጋል፤ ሌላው ጥቃቅን ዋቅላሚ በአብዛኛው ወደ ታች ይሰፍራል። ይህ ፈተና የላብራቶሪ ምርመራን አይተካም። ከክትር ላይ ቆሞ ከመፍረድ ግን እጅግ ይሻላል።

ተክል መሆኑን ካረጋገጥን ነጭ ሳህን፣ መርፌና አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ ይበቁናል። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚፈጽሙት ጥፋት አለ። በቴሌግራም የሚልኩልኝ ፎቶ ሁሉ ከላይ የተነሣ ነው። ከላይ ሲታይ ሁሉም አረንጓዴ ነው! የእነዚህ ዕፅዋት መታወቂያ ያለው ከሆዳቸው በኩል ነው። እባካችሁ ገልብጡት፤ አጠገቡም የአሥር ሳንቲም አስቀምጡ፤ ከዚያ ላኩልኝ።

ከተገለበጠ በኋላ ሥር ቁጠሩ። ሌምና በተባለው ቡድን ውስጥ ትልቁ መለያ የሥር ቁጥር ነው። የዚህን ቡድን ጥናት በመሠረት ላይ ያቆመው የዙሪኩ ሳይንቲስት ኤልያስ ላንዶልት ሲሆን ትልቁን የምርምር ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ቡድኑ በአምስት ወገኖች ተከፍሎ ሠላሳ ስድስት ያህል ዝርያዎች ይቆጠሩለታል። ዐረቦች ‹የውሃ ምስር› ይሉታል፤ መልኩን ላየ ሰው ስሙ ይገባዋል። አካሉ ግንድና ቅጠል ተብሎ አይለይም። ፍሮንድ የምንለው አንድ ጠፍጣፋ ምስር ብቻ ነው፤ ከጎኑ ሌላ ፍሮንድ እያበቀለ ይባዛል። ሁኔታው ሲመቸው በሁለትና በሦስት ቀን እጥፍ ይሆናል። አበባም አለው፤ ነገር ግን በእኔ ዕድሜ አብቦ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። በአበባ ለመለየት የሚጠብቅ ሰው ጡረታውን ኩሬ ዳር ያሳልፋል።

ፍሮንዱ ከሥሩ ብዙ ሥሮችን እንደ ጭራ አንድ ላይ ካንጠለጠለ፣ ስፋቱ ከአምስት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ሆዱም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ካደላ፣ ስፒሮዴላ ፖሊራይዛ ነው ማለት ይቻላል። ከቡድኑ ትልቁ እርሱ ነው። ክፉ ወቅት ሲመጣ ቱሪዮን የሚባል ጠጠር ያለ ቡቃያ አዘጋጅቶ ወደ ውሃው ታች ይሰዳል፤ ኩሬው ባዶ መስሎን ሳለ ወቅቱ ሲመለስ እንደ ገና ይንሳፈፋል። ከእርሱ አነስ ያለ፣ ሥሮቹም ጥቂት የሆኑ ከተገኘ ላንዶልቲያ ሊሆን ይችላል። ይህ ወገን ለላንዶልት መታሰቢያ ተብሎ በ1999 ራሱን ችሎ የወጣ ነው። አንድ ሥር ብቻ ያለው ሌምና ነው። ሥር የሌለው ደግሞ ቮልፊያ ወይም ቮልፊየላ ነው።

ቮልፊያን ለማስረዳት የእኛን አገር ያህል የታደለ የለም፤ ጤፍ አለንና። በአረንጓዴ ቀለም የተነከረ የጤፍ ፍሬ በውሃ ላይ ተንሳፍፎ አስቡ። መጠኑ ያን ያህል ነው፤ አንዳንዱም ያንሳል። በዓለም ላይ አበባ ከሚያብቡ ዕፅዋት ሁሉ ትንሹ ይህ ነው። በታይላንድ የቮልፊያ ዝርያ ከኩሬ እየተሰበሰበ ይበላል። ከሳያኖባክቴሪያ ጋር በቀላሉ የሚምታታውም እርሱ ነው፤ በማጉያ ስናየው ግን እያንዳንዱ ፍሬ ጥርት ያለ ድንበር አለው፣ ሲጫኑትም እንደ ቀለም አይቀባም።

የሥር ቆጠራው ቀላል የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። የተቸገረ ሌምና ሥሩን ይጥላል። ገና ከእናቱ ጎን የወጣ ፍሮንድም ሥር ላያወጣ ይችላል። ናሙናውን በጠርሙስ ስናናውጠው ሥሮቹ ይበጠሳሉ። አንድ ፍሮንድ አይተን «ሥር የለውም፣ ቮልፊያ ነው» ብንል ተሳስተናል። ስለዚህ ቢያንስ አሥር ያደጉ ፍሮንዶች እንቁጠር።

ወገኑን ካገኘን በኋላ ዝርያው ይከብዳል። እዚህ ላይ ባልደረቦቼ እንዲቀየሙኝ ሳልፈልግ አንድ ነገር ልናገር። በአንዳንድ የመስክ ሪፖርቶቻችን ውስጥ አንድ ሥር ያለው ሁሉ ‹ሌምና ማይነር› ተብሎ ይጻፋል፤ ምክንያቱም በመማሪያ መጽሐፍ የተማርነው ስም እርሱ ስለሆነ ነው። በሞቃታማው አፍሪካ በሰፊው የሚገኘው ሌምና ኤክዊኖክሺያሊስ ከእርሱ የሚለየው በጥቃቅን ምልክቶች ነው፤ የሥሩ ጫፍ ሾጠጥ ይላል፣ ሥሩ ከፍሮንዱ በሚወጣበት ቦታ ያለው ሽፋንም በግራና በቀኝ ትንሽ ክንፍ አለው። ክንፉን ለማየት ማጉያው ብቻ አይበቃም፤ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሌምና ጊባ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። ሆዱ በአየር ተነፍቶ እንደ ግማሽ ሉል ሲያብጥ ሕፃን ልጅም ይለየዋል። በማይመች ውሃ ውስጥ ሲያድግ ግን ሳያብጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ከማይነር ጋር ያለው ልዩነት ከዓይን ይሰወራል።

ሌምና ማይነርና ሌምና ጊባ የኬሚካሎችን መርዛማነት ለመመዘን በዓለም አቀፍ ደረጃ የተመረጡ የፍተሻ ዕፅዋት ናቸው። የፋብሪካ ፍሳሽ ወይም ፀረ አረም ምን ያህል እንደሚጎዳ ሲለካ የሚቆጠረው የእነርሱ ዕድገት ነው። በ2021 በወጣ የዘር ምርመራ በተለያዩ አገሮች ስብስቦች ውስጥ ‹ማይነር› ተብለው ለዓመታት ሲጠበቁ ከኖሩት ውስጥ አንዳንዶቹ ዲቃላ ሆነው ተገኙ፤ እናቱና አባቱ ሌምና ማይነርና ሌምና ቱሪዮኒፌራ የሆነ ዲቃላ። ስፔሻሊስቶቹ እንኳ በዓይን ሊለዩት አልቻሉም። እኔ ይህን ስሰማ ተጽናናሁ ልበላችሁ? ትንሽ ተጽናናሁ። ይሁን እንጂ ለእኛ የሚያስተላልፈው የተለየ ነገር አለ፤ ናሙናችንን ካላስቀመጥን፣ የነገው ሰው ዘሩን መርምሮ ሊያርመን አይችልም። በሪፖርት የተጻፈ ስም ብቻውን አይታረምም፤ የደረቀ ናሙና ግን ሄርባሪየም ውስጥ ቆይቶ ይመሰክርብናል ወይም ይመሰክርልናል።

ወደ ፈርኖቹ ልለፍ። የእኔን ስሕተት ያስከተለው አዞላ ቅጠሎቹ በተደራረበ ቅርፊት መልክ የተሰደሩ ናቸው። በቅጠሉ ውስጥ ባለች ጉድጓድ ሳያኖባክቴሪያ ያኖራል፤ ያም ከአየር ናይትሮጅን እያዘጋጀ ይመግበዋል። የቻይናና የቬትናም ገበሬዎች በሩዝ ማሳቸው ለረጅም ዘመን ያለሙት ለዚህ ነው። ልብ በሉ፤ ሳያኖባክቴሪያ የሚለው ስም ከማይክሮሲስቲስ ጋር ስለሚጋራ ብቻ አዞላ መርዛማ አይሆንም። ከዝርያዎቹ መካከል አፍሪካዊው አዞላ ፒናታ ሥሩ በማጉያ ሲታይ በጥቃቅን ቅርንጫፎች እንደ ላባ ሆኖ ይታያል፤ ከአሜሪካ የመጣው አዞላ ፊሊኩሎይደስ ግን ሥሩ ለስላሳ ነው። ይህች የሥር ላባ ምን ትጠቅማለች ለሚል ሰው የደቡብ አፍሪካን ታሪክ እነግረዋለሁ። ፊሊኩሎይደስ እዚያ በ1948 ታየ፣ ግድቦችን ሸፈነ፣ ከብቶች ውሃውን እንቢ አሉ። በ1997 ስቴኖፔልመስ ሩፊናሰስ የሚባል የነቀዝ ዘመድ የሆነ ትንሽ ጢንዚዛ ተለቀቀበት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አረሙ ችግር መሆኑ ቀረ። ጢንዚዛው ምግቡን መራጭ ነው፤ የተለቀቀውም ለዚህ እንግዳ ዝርያ ተፈልጎ ነው። አገር በቀሉን ከእንግዳው መለየት ካልቻልን የትኛውን እንደምንዋጋ አናውቅም።

ጢንዚዛ ካነሣሁ፣ በዚህ የትምህርት ዘርፍ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ሳልቪኒያም ፈርን ነው። ሁለት ቅጠሎቹ ጎን ለጎን በውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ሦስተኛው ቅጠል ውሃ ውስጥ ገብቶ ሥር መስሎ ይንጠለጠላል። በተንሳፋፊው ቅጠል ፊት ላይ የቆሙት ፀጉሮች ጫፋቸው እንደ ገና ተገናኝቶ እንደ እንቁላል መምቻ ይሆናል። በዛምቤዚ ወንዝ ላይ የካሪባ ግድብ በ1958 መጨረሻ ተዘግቶ ሐይቁ መሙላት ሲጀምር፣ በሚቀጥለው ዓመት ሳልቪኒያ ታየ። በ1962 አንድ ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሸፈነ። ይህን በጣና መጠን ብናስበው የሐይቁን ሲሶ ያህል መሸፈን ማለት ነው።

የዘመኑ ሊቃውንት ለተክሉ የሰጡት ስም ሳልቪኒያ ኦሪኩላታ ነበር። የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ እንደ እንቁላል መምቻ ያለ ፀጉርም አለው፤ ስሙ የገጠመ መሰለ። ስለዚህ ተፈጥሮአዊ ጠላቱን የሚፈልጉት ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ ወደ ኦሪኩላታ አገር፣ ወደ ትሪኒዳድና ጉያና አካባቢ ሄዱ። እዚያ ያገኙትን ጢንዚዛና ሌሎች ነፍሳት አምጥተው በአፍሪካ ለቀቁ። ጢንዚዛው ተክሉን ሊያሸንፈው አልቻለም። ሰዎች የነፍሳት ቁጥጥር ለሳልቪኒያ አይሠራም ማለት ጀመሩ።

የዚያኔዋ ሮዴዢያ ተመራማሪ የነበረው ዴቪድ ሚቸል ግን ተክሉን ደግሞ መረመረው። ልዩነቱ ያለው ጥቂት ሰው በሚያየው ቦታ፣ ከውሃው በታች በሚንጠለጠሉት የስፖር ከረጢቶች አሰዳደር ላይ ነበር። ከረጢቶቹም ፍሬ አልባ ናቸው፤ ተክሉ መካን ነው፣ የሚባዛውም እየተቆራረጠ ብቻ ነው። በ1972 ሳልቪኒያ ሞሌስታ ብሎ አዲስ ስም ሰጠው። አዲሱ ስም አዲስ ጥያቄ አመጣ፤ ይህ ሌላ ዝርያ ከሆነ አገሩ የት ነው? በ1978 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል አገኙት። እዚያም አብሮት የሚኖር ጢንዚዛ ነበረ። በ1980 በአውስትራሊያ ሙንዳራ ሐይቅ ላይ ተለቀቀ፤ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ቶን አረም ጠፋ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ በሴፒክ ወንዝ ዳርቻ ሐይቆች ላይም እንዲሁ ሆነ፤ በዚያ ጀልባቸው ተዘግቶባቸው መንደራቸውን ጥለው የሄዱ ሰዎች ነበሩ።

ታሪኩ አንድ እጥፋት ይቀረዋል። ከብራዚል የመጣው ጢንዚዛ ቀድሞ ከከሸፈው ጋር አንድ ዝርያ ነው ተብሎ ነበር የተለቀቀው፤ መልካቸው አንድ ነውና። ሥራው ከተሳካ በኋላ፣ በ1985፣ ጢንዚዛውም ራሱ ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘና ሲርቶባጎስ ሳልቪኒየ ተባለ። ተክሉንም ጠላቱንም ሁለት ጊዜ በተሳሳተ ስም ጠርተዋቸዋል ማለት ነው። የታክሶኖሚ ትምህርት ደረቅ ነው ብላችሁ ለምታማርሩ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን በየዓመቱ የምነግራችሁ አለ ምክንያት አይደለም።

ወደ አገራችን ስመለስ የሁላችሁም ልብ ውስጥ ያለው እምቦጭ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ስሙም በ2018 ከአይኮርኒያ ወደ ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ ተዛውሯል፤ በዚህም ተማሪዎቼ እኔን ይወቅሳሉ። በቆቃና በአዋሽ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ሲሆን በጣና ላይ መታየቱ የተዘገበው በ2011 ነው። ካደገ በኋላ እምቦጭን የማያውቅ የለም። ጥያቄው ገና አውራ ጣት ሳያክል ማወቅ ነው። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ ውሃው በሸሸበት ዳር ላይ በአዲስ የሚበቅለውን ችግኝ በወቅቱ የለየ ሰው በአንድ ቀን በእጁ ሊነቅለው ይችላል። ከዚያ በኋላ ጀልባና ማሽን ያስፈልገዋል።

አስቸጋሪነቱ የሕፃን እምቦጭ የመጀመሪያ ቅጠሎች እንደ ጠባብ ጥብጣብ ያሉ በመሆናቸው ነው፤ የታወቀው የተነፋ የቅጠል እጀታ ገና አልወጣም። ቆይቶ ማንኪያ የመሰለ ቅጠል ያወጣል፣ እጀታውም ማበጥ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የሚምታታው በተለምዶ የውሃ ጎመን ብለን ከምንጠራው ከፒስቲያ ጋር ነው። ፒስቲያ እጀታ የለውም፤ ቅጠሉ ከመነሻው ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ሆኖ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጸጉራም ነው። ውሃ ጠብ ብታደርጉበት እንክብል ሆኖ ይንከባለላል። የእምቦጭ ቅጠል ለስላሳና አብረቅራቂ ነው፤ እጀታውን በምላጭ ብትሰነጥቁት ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው። ሥሩም ብዙ ጊዜ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ያደላል። ፒስቲያን ስል አንድ የሚደንቅ ነገር ላስታውሳችሁ፤ ዛሬ ሌምናና ፒስቲያ የሚመደቡት በአንድ አስተኔ ውስጥ፣ ከመካነ መቃብር ነጭ አበባችን ከካላ ጋር ነው። ይህን ለአያቴ ብነግራቸው ኖሮ አብጃለሁ ይሉኝ ነበር።

በሳተላይት ምስል ስለ መለየት ትጠይቁኛላችሁ። ምስሉ የአረንጓዴውን ስፋት በሚገባ ያሳያል፤ ለዚህም እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ሳተላይት ቅጠል አይገለብጥም። በአንድ የካርታ ነጥብ ውስጥ እምቦጭ፣ አዞላና የውሃ ሣር አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የካርታውን ቀለም ስም የሚሰጠው ጀልባ ላይ ወጥቶ የነካው ሰው ነው። በአገራችን ስላሉት ዝርያዎች መነሻ የሚሆናችሁ በስምንት ቅጽ የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ አለ፤ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ከሁለተኛው ፎቅ ታገኙታላችሁ፣ አቧራውን ግን እናንተው ትጠርጋላችሁ።

የመስክ ሥራን በተመለከተ አንዲት ማስጠንቀቂያ። ናሙና ወስዳችሁ ስትጨርሱ የተረፈውን ወደ ሌላ ኩሬ አትድፉ፤ ቡትሳችሁንና መረባችሁን አድርቁ። ሳልቪኒያ ወደ ስሪ ላንካ የገባው በ1939 ለአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የዕፅዋት ትምህርት ነበር። እኛም የዕፅዋት ትምህርት ክፍል ነን።

አሁን ወደ ብርጭቆዎቹ። የመጀመሪያው አዞላ ነው፤ ቀረብ ብላችሁ ሥሩ ላባ እንዳለው ራሳችሁ እዩ። ሦስተኛውን ከትናንት ጀምሮ አልነካሁትም፤ አሁን ከላይ ያለው አረንጓዴ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር እንደ ቀለም ተጣብቋል፤ ስለዚህ እጃችሁን አታስገቡ። የዚያ ኩሬ ባለቤት ዛሬ ጠዋት ከብቶቻቸውን ከዚያኛው ዳር እንዲያርቁ ነግሬአቸዋለሁ፤ ውሃውም ወደ ላብራቶሪ ሄዷል፤ ውጤቱን ማክሰኞ ራሴ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ ያለው ብዙ ሥር ያለው ነው፤ ስፒሮዴላ ይሁን ላንዶልቲያ አልወሰንሁም። ማጉያዎቹ እዚህ አሉ፣ መርፌውም አለ። ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለት የተለያየ ቁጥር አግኝቻለሁና፣ ከመሄዳችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ቆጥራችሁ ያገኛችሁትን በወረቀቱ ላይ ጻፉልኝ።